ድሬዳዋ ላይ ለወንጀል ጉዳይ ጠበቃ ማቆም፦ ከፖሊስ ጣቢያ እስከ ይግባኝ

ሰው ታሰረ ሲባል ዘመድ ተሰብስቦ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጎበዝ ጠበቃ ማን አለ?» ብሎ ነው። በዚህ አካባቢ ግን ከእሱ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ነገሩን የሚያየው የትኛው ፍርድ ቤት ነው? ከድሬዳዋ ጥቂት ወጣ ብሎ ሽኒሌ ሶማሌ ክልል ነው። የደንገጎን ዳገት ወጥተው ሐረማያ ሲደርሱ ኦሮሚያ ነው። ሐረር ሲገቡ ደግሞ ሐረሪ ክልል። 55 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ላይ የችሎቱ ቋንቋ፣ የጠበቃው ፈቃድና ይግባኙ የሚሄድበት ቦታ ይቀያየራል። ድሬ ላይ ስሙ የገነነ ጠበቃ ወረድ ብሎ ባለው ወረዳ መቆም የማይችልበት ጊዜ አለ፤ ቤተሰብ ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ቀብዱን ከከፈለ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ችሎቱን ይወቁ

ድሬዳዋ በቻርተር (አዋጅ ቁጥር 416/1996) የምትተዳደር፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ከተማ ናት። ስለዚህ ሳቢያንም ይሁን ከዚራ፣ መጋላም ይሁን ገንደ ቆሬ፣ ከተማው ውስጥ ተፈጸመ የተባለ ስርቆት፣ ድብደባ፣ ማታለል ወይም ግድያ የሚታየው እዚያው በሚያስችሉት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃና የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎቶች ነው። የከተማው ፍርድ ቤት በወንጀል በኩል የሚመለከተው እንደ ደንብ መተላለፍ ያሉ ቀላል ጉዳዮችን ነው። ለድሬ ጉዳይ የሚፈልጉት ጠበቃ እንግዲህ የፌዴራል ፈቃድ ያለው ነው።

ሐረር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ጉዳዩ ሐረር ፍርድ ቤት ነው» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል። አንደኛው ጀጎልን ጨምሮ ለከተማውና ለዙሪያው ጉዳይ የሚያስችሉት የሐረሪ ክልል ፍርድ ቤቶች ናቸው። ሌላው መቀመጫውን ሐረር ከተማ ያደረገው የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን፣ ማለትም የኦሮሚያ ፍርድ ቤት ነው። ሐረማያ ወይም ቀርሳ ላይ የተያዘ ሰው ጉዳይ የሚሄደው ወደ ኦሮሚያው ነው፤ የሚካሄደውም በአፋን ኦሮሞ ነው። የሐረሪ ክልል የሥራ ቋንቋዎች ደግሞ ሐረሪኛና አፋን ኦሮሞ ናቸው።

ኮንትሮባንድ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ሆኖም የትኛው ችሎት ዘንድ እንደሚቀርብ የሚወስነው ዕቃው የተያዘበት ቦታ ነውና «ድሬ ልጅ ስለሆነ ድሬ ይታያል» ብለው አይገምቱ።

ይህን ሁሉ ለማወቅ ጣቢያ ሄደው አራት ነገር ጠይቀው በወረቀት ይጻፉ፦ የተጠረጠረበት ወንጀል፣ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ የመርማሪው ስም፣ የሚቀርብበት ችሎት። ችሎት ከቀረበ በኋላ አምስተኛው ይጨመራል፤ የመዝገብ ቁጥር። ጠበቃ ዘንድ ይህን ይዞ የሄደ ሰው በሩብ ሰዓት ቁም ነገር ላይ ይደርሳል። ሳይዝ የሄደ ግን የጠበቃውን የመጀመሪያ ቀን የሚያባክነው ጣቢያ ለጣቢያ በማዞር ነው።

የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከ48 ሰዓቱ ውስጥ የማይቆጠረው ከተያዘበት ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተያዘን ሰው «ሰኞ ይቀርባል» ቢሏችሁ ሰዓቱን ቆጥሮ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጊዜው አልፎ ካልቀረበ ጠበቃ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ሊያስገባ ይችላል። ከላይ የተያዘበትን ሰዓት ጻፉ ያልነው ለዚህ ነው።

በእነዚህ ሰዓታት ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው በቃል አሰጣጥ ላይ ነው። የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው፤ የተናገረው በማስረጃነት ሊቀርብበት ይችላል። ንጹሕ ነኝ ብሎ የሚያምን ሰው ነው ብዙ የሚያወራው፤ በኋላ ምስክሮች ከሚሉት ጋር አንድ ሰዓት ወይም አንድ ቦታ ሲጋጭበት «ቃሉን ለዋወጠ» ይባላል። ስለዚህ ምግብ ስታቀብሉ ይህን ብቻ ንገሩት፦ ስምህንና አድራሻህን ተናገር፣ የቀረውን ጠበቃዬ ሲመጣ በል፣ ሳይነበብልህ አትፈርም። አማርኛ አጥርቶ የማይሰማ ከሆነ፣ አፉን የፈታው በሶማሊኛ ወይም በኦሮምኛ ከሆነ፣ አስተርጓሚ ይጠይቅ። የያዙበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ መስማት መብቱ ነው። የእኔ ቃል ነው ብሎ ያልገባውን ሰነድ የፈረመ ሰው ከዚያ ለመውጣት ዓመት ይለፋል።

እዚያው በር ላይ ቆማችሁ የነገሩን ዝርዝር አትጠያየቁ፤ በስልክም ድምፅ ቀርጻችሁ አትላላኩ። ከስልክ ላይ መልእክት ማጥፋት ደግሞ ያልነበረ ጥርጣሬ ይፈጥራል።

ጠበቃ የመጎብኘት መብት የሚጀምረው ክስ ሲመሠረት አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 61 የታሰረ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃውን ጠርቶ እንዲያነጋግር ይፈቅዳል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 21 ያጸናዋል። ለሙሉ ጉዳዩ ጠበቃ እስክትመርጡ ጊዜ ካጠራችሁ፣ አንድ ጠበቃ «ለጊዜ ቀጠሮው ብቻ»፣ ማለትም ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ቀን ለሚጠይቅበት ችሎት ብቻ፣ ማቆም ይቻላል። ዋጋውም በዚያው ልክ ይሆናል። ሥራውን አይታችሁ ከወደዳችሁት ትቀጥላላችሁ።

የት ይፈለጋል?

ከሁሉ የሚሻለው መንገድ የሚረሳው ነው። የወንጀል ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው። አንድ ጥዋት ገብታችሁ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ጠበቆች ምስክር ሲጠይቁ ታያላችሁ። ጥሩው ጠበቃ ጥያቄው አጭር ነው፣ መልሱን አስቀድሞ ያውቃል፣ ከተጎዳው ሰው ጋር አይጨቃጨቅም፣ ከፋይሉ ገጽ ጠቅሶ ይናገራል። ድምፁን ከፍ የሚያደርግና ዳኛው ደጋግመው «ወደ ነጥቡ ይግቡ» የሚሉት ሰው ከውጭ ላለ ቤተሰብ ጀግና ይመስላል፤ መዝገቡ ላይ ግን የሚጻፍለት ነገር የለም። አራት መዝገብ ላይ አራት ጊዜ ተለዋጭ ቀጠሮ የጠየቀውንም ልብ በሉ።

ሁለተኛው መንገድ ጉዳዩ ያለቀለትን ሰው መጠየቅ ነው። «አሸነፈልህ ወይ?» ከማለት ይልቅ «በየቀጠሮው ራሱ ይመጣ ነበር? የክስ ወረቀቱን ኮፒ ሰጠህ? ከተነጋገራችሁበት ዋጋ በላይ ጠየቀህ?» ማለቱ ይበጃል። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ጉዳዩ ነው የሚነግራችሁ፤ የቀሩት ስለ ጠበቃው ናቸው።

ፍርድ ቤቶቹ አካባቢ ታፔላ ሰቅለው የሚሠሩትን ቢሮዎች ገብታችሁ ሁለት ሦስቱን ብታነጋግሩ ነውር የለውም። በርጫ ላይ «የእኔ ሰው አለ» ተብሎ የተሰጣችሁን ስልክም አትጣሉት፤ ቀብድ ግን እዚያው አትላኩ።

ከነማን መራቅ? ከጣቢያና ከፍርድ ቤት በር ላይ ከሚያንዣብብ ጉዳይ ገዳይ። ጠበቃ «ያገናኛችኋል»፣ የእሱ ድርሻ ከእናንተ ዋጋ ላይ ይታሰባል። ጭራሽ «ዳኛውን አውቀዋለሁ» ካለ ገንዘባችሁ ብቻ ሳይሆን ራሳችሁም አደጋ ላይ ናችሁ፤ ጉቦ የሰጠም እንደ ተቀባዩ ወንጀለኛ ነው። ማመልከቻ ጸሐፊዎች ለደብዳቤ ይጠቅማሉ፤ ለክስ መልስና ለይግባኝ ግን አይሆኑም። የድርጅት ነገረ ፈጅም፣ ፈቃድ ያላወጣ የሕግ ምሩቅም ቢሆን ዕውቀቱ ይኑረው እንጂ ለእናንተ ችሎት መቆም አይችልም።

ፈቃዱን በዓይን ማየት

የፌዴራል የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው በፍትሕ ሚኒስቴር ሲሆን፣ ሙያው የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። የክልል ፈቃድ የሚሰጠው በክልሉ ነው። ቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ዲግሪ ፈቃድ አይደለም። «ፈቃድዎን ላየው?» ማለት ስድብም አይደለም፤ የሚቆጣ ጠበቃ ካጋጠማችሁ ተነሡ። የሚታዩት ነገሮች ስሙና ፎቶው፣ የፈቃዱ ቁጥር፣ የዘንድሮ እድሳቱ፣ እንዲሁም በየትኛው ፍርድ ቤት መቆም እንደሚያስችለው ናቸው። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ጉዳዩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚታይ ከሆነ ወይም በይግባኝ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚሄድ ከሆነ፣ ፈቃዱ እስከዚያ ይደርሳል ወይ? ካልደረሰ በመካከል ሌላ ጠበቃ መቅጠር ይመጣል።

ቢሮ ገብቶ ምን መጠየቅ

ገና ሲቀመጡ የሚጠየቀው፦ «ከሳሹን፣ ተጎጂውን ወይም አብሮ የተከሰሰውን ወክለው ያውቃሉ?» የሚለው ነው። ከተማው ትንሽ ነው፣ ዝምድናውም ብዙ። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ መዝገብ ሲከሰሱ አንድ ጠበቃ ማቆም ርካሽ ይመስላል፤ አንዱ «እኔ አልነበርኩም፣ እሱ ነው» ማለት የሚያስፈልገው ቀን ሲመጣ ግን ያው ጠበቃ ለሁለቱም መናገር አይችልም። መከላከያቸው የሚጋጭ ከመሰለ ከመጀመሪያው ለየብቻ ይቁምላቸው።

ከዚያ ይህን ይጠይቁ፦ ይህን ዓይነት ክስ በዚህ ችሎት ይዘው ያውቃሉ? በቀጠሮው ቀን ራስዎ ይቀርባሉ ወይስ ረዳት ይልካሉ? በዚያ ሳምንት ሐረር ሌላ ቀጠሮ ካለዎት ምን ይደረጋል? የዋስትናው ነገር እንዴት ይታይዎታል? መልሱ «ፋይሉን ሳላይ አልናገርም» ከሆነ ደስ ይበላችሁ። «በአንድ ሳምንት አስፈታዋለሁ» ካለ ግን ዋጋውን እንኳ ሳትጠይቁ ውጡ።

አንድ ነገር ቤተሰብን ያስቀይማል፤ የሚከፍለው ወንድም ቢሆንም ደንበኛው የታሰረው ሰው ነው። ጠበቃው ከእሱ ጋር ብቻውን ሊነጋገር ይገባል፤ የሰማውንም ለእናንተ የመንገር ግዴታ የለበትም። እናቱ ፊት የማይናገረው ነገር ይኖራል፤ ያ ነገር ችሎት ላይ ድንገት ከዐቃቤ ሕግ አፍ ቢወጣ መከላከያው ይፈርሳል።

ዋጋና ውል

ለወንጀል ጉዳይ ተብሎ የተቆረጠ ታሪፍ የለም። ዋጋውን የሚያወጣው የክሱ ክብደት፣ የምስክሮቹ ብዛትና የቀጠሮው ርዝመት ነው። ተከሳሽ እንደ ፍትሐ ብሔር ከሳሽ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ ስለዚህ «ለመዝገብ መክፈቻ» ተብሎ ከተጠየቃችሁ የፍርድ ቤት ደረሰኝ ጠይቁ።

ሙሉውን በአንዴ አትክፈሉ። ጉዳዩ የሚያልፍባቸውን በሮች ቆጥራችሁ በየበሩ ክፈሉ፦

1. ጊዜ ቀጠሮና ዋስትና።
2. ክሱ ደርሶ መቃወሚያና የእምነት ክህደት ቃል (ድርጊቱን ማመን ወይም መካድ) እስኪሰጥ።
3. የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው ብይን እስኪሰጥ። እዚህ ላይ ፍርድ ቤቱ ወይ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 ያለ መከላከያ ያሰናብታል፣ ወይ በ142 «ተከላከል» ይላል።
4. መከላከያ ምስክሮች፣ ፍርድ፣ የቅጣት አስተያየት።

ይግባኝ ለብቻው ሌላ ውል ነው፤ «እስከ መጨረሻው» የሚል ቃል ውል ላይ ካያችሁ መጨረሻው የት እንደሆነ አጽፉ። በ141 ከተሰናበተ የአራተኛው ክፍያ ይሰረዛል ወይ? ይህም ይጻፍ። አለበለዚያ በደስታው ቀን ጠብ ይነሣል።

ውሉ በጽሑፍ፣ በሁለት ቅጂ ይሁን። የመዝገብ ቁጥሩ፣ የክሱ ዓይነት፣ የክፍያው መጠንና ጊዜ፣ ቫቱ (15 በመቶ) የተካተተ መሆን አለመሆኑ፣ የመንገድና የኮፒ ወጪ በማን እንደሆነ፣ ራሱ መቅረብ ካልቻለ ምን እንደሚሆን ይግባበት። ክፍያ በባንክ ቢሆን ይመረጣል፤ በእጅ ከሆነ ደረሰኝ። ዋጋውን ከፍርዱ ውጤት ጋር አታያይዙት፤ «ከተፈታ እጥፍ» የሚል ስምምነት ጠበቃውን ለማይገባ መንገድ ይገፋዋል።

ውክልና ካስፈለገ በሰነዶች ማረጋገጫ ቅርንጫፍ ሲሠራ ለዚሁ የወንጀል ጉዳይ ብቻ የተወሰነ ይሁን። ቤት መሸጥ መለወጥን የሚጨምር ሰፊ ውክልና ለጠበቃም፣ ለጉዳይ አስፈጻሚም አይሰጥም።

ዋስትና፦ ቤተሰብ ምን ያዘጋጃል?

ወንጀሉ በቀላል እስራት ብቻ የሚያስቀጣ ከሆነ ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቅ ይችላል። ከዚያ ከፍ ያለው ፍርድ ቤት ይሄዳል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 መሠረት ሁለት ነገር ይመዘናል፦ ወንጀሉ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ መሆኑ፣ እንዲሁም ተጎጂው ሊሞት የሚችል መሆኑ። በድብደባ ጉዳይ ጠበቃው ስለ ሆስፒታሉ ወረቀት አጥብቆ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተጎጂው ከአደጋ መውጣቱ ሲረጋገጥ የዋስትናው ክርክር ይቀየራል።

ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 67 የሚያየው ደግሞ ሰውየው ይጠፋል ወይ፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይ፣ ምስክር ያባብላል ወይ የሚለውን ነው። ጅቡቲና ሶማሊያ ለሚቀርቡት ከተማ «ይጠፋል» የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። መልሱ ወረቀት ነው፦ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የጋብቻና የልጆች ማስረጃ፣ የሥራ ደብዳቤ ወይም የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ ሕመም ካለ የሐኪም ማስረጃ። ሰው ዋስ ከተፈቀደ የዋሱ የደመወዝ ማስረጃ ለፍርድ ቤቱ ተብሎ የተጻፈ ይሁን። የገንዘብ ዋስ ያስያዘ ሰው ደረሰኙን አይጣል፤ ተከሳሹ በየቀጠሮው ከቀረበ ገንዘቡ መጨረሻ ላይ ይመለሳል። ዋስትና ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል።

ፖሊስ ለምርመራ የሚጠይቀው ጊዜ በአንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ደህና ጠበቃ ዝም ብሎ «እቃወማለሁ» አይልም፤ «ባለፈው ሦስት ምስክር ቀርቶናል ብላችሁ ነበር፣ ስንቱን ሰማችሁ?» ይላል።

አቅም ከሌለ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) ጠበቃ ማቆም ለማይችልና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት እንዲያቆምለት ያዛል። ተከሳሹ ራሱ ችሎት ላይ፦ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም የለኝም፤ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብልኝ እጠይቃለሁ» ይበል። (ድሬ ላይ አንቱታ ብርቅ ነው፤ ችሎት ግን ከዚያ ውጭ ነው።) ተከላካይ ጠበቃ በነጻ ስለሆነ ሰነፍ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ በየቀኑ እዚያ ችሎት የሚውል ሰው ነው። የሚያንሰው ጊዜ ነው። ስለዚህ የእግር ሥራውን ቤተሰብ ይሥራለት፤ የምስክሮችን ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክና እያንዳንዳቸው ምን እንዳዩ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። የሱቅ ካሜራ ምስል ካለ ቶሎ ይጠየቅ፤ በላዩ ላይ ሌላ እየተቀዳ ይጠፋል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ሽማግሌ ሲገባ

እርቅ እዚህ አካባቢ ትልቅ ቦታ አለው፤ ጠበቃ ስላቆማችሁ አይቀርም። ግን ጠበቃው ሳያውቅ አይደረግ። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስሱ ወንጀሎች ከሳሹ ሲተው ነገሩ ይዘጋል። በሌሎቹ ግን ክሱ የመንግሥት ነውና ይቀጥላል፤ ካሣ መክፈልና መታረቅ የሚጠቅመው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ለቅጣት ማቅለያ ነው። ችግሩ ያለው የእርቅ ወረቀቱ ላይ ነው። «በድያለሁ፣ መትቼዋለሁ» ብሎ የተፈረመ ወረቀት ፍርዱ ሳይሰጥ ዐቃቤ ሕግ እጅ ይገባል። ጠበቃው ቃሉን ያርመው።

ከተቀጠረ በኋላ

የክሱን ቅጂና የቀጠሮ ቀኖችን እናንተም ጋ አስቀምጡ፤ ከቀጠሮው ሁለት ቀን በፊት ደውሉ። የእምነት ክህደት ቃል የሚሰጥበት ቀን ጠበቃው ከሌለ ተከሳሹ ቀጠሮ ይጠይቅ፤ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» ያለ ሰው በዚያው ቃል ጥፋተኛ ሊባል ይችላል። ጠበቃው ሁለት ጊዜ ያለ ምክንያት ከቀረ በጽሑፍ አሳስቡት፤ ሦስተኛውን አትጠብቁ። ስትቀይሩ ፋይሉንና ያልተሠራበትን ክፍያ ተረከቡ፣ ለፍርድ ቤቱም አሳውቁ። ቅሬታ ካላችሁ ውሉንና ደረሰኙን ይዛችሁ ፈቃዱን ለሰጠው አካል ታመለክታላችሁ።

ከተፈረደበት ይግባኝ ለማለት ማሰቡን በ15 ቀን ውስጥ ለሬጅስትራር ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ የይግባኙ ማመልከቻ ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ይገባል። የድሬዳዋ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይግባኝ ወደ ከፍተኛው ነው፤ የከፍተኛው ወደ አዲስ አበባ። ግልባጩን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የጠየቃችሁበትን ወረቀት ቅጂ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ፤ የተረከባችሁበትን ቀንም ግልባጩ ላይ አስጽፉ፣ 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነውና።